ቀይዋ መቀየሪያና የጠፉት ፊደላት

ከብዙ አሮጌ ኮምፒውተር ጀርባ፣ የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ጥፍር የምታህል ቀይ መቀየሪያ አለች። ወደ አንዱ ወገን ሲገፏት 115፣ ወደ ሌላው 230 የሚል ቁጥር ይታያል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ኮምፒውተር 115 ላይ እንደቆመ ሊመጣ ይችላል፤ የኛ አገር መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። ሳያይ የሰካ ሰው ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎም የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ጥገና የሚማር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህችን መቀየሪያ ማየት ይለምዳል።

የኮምፒውተሩ ሳጥን ለማንም የሚከፈት መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን ነሐሴ 6 ቀን 1973 ዓ.ም. ለገበያ ሲያቀርብ፣ ውስጡ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው አምስት ቦታዎች ነበሩት። የሽቦዎቹን ንድፍ የሚያሳይ መጽሐፍም አብሮ አሳተመ። ሌሎች ኩባንያዎች ያንን እያዩ ተመሳሳዩን ሠሩ። አንዱ ኮምፒውተር ሲሞት ሚሞሪውን ወይም ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ለሌላው ማቆየት የተለመደው፣ ዕቃውም ከአንድ ኩባንያ እጅ ያልቀረው፣ ከዚያ ወዲህ ነው።

ያ ማሽን ግን ግዕዝ አያውቅም ነበር። ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ 8 ቢት ስለሆነ፣ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው 256 ምልክት ብቻ ነው። የአማርኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ሏና ቋ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው ሞልቶ ይፈሳል፤ ላቲኑም የራሱን ድርሻ ይፈልጋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ የነበሩት ፍሥሓ አጥላውና የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር አበራ ሞላ፣ በየፊናቸው፣ ለዚህ ችግር መላ ፈልገው የግዕዝ ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሠሩ። የዶክተር አበራ ፕሮግራም ሞድኢት ይባላል።

ኋላ አዲስ አበባ ላይ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉ ፕሮግራሞች መጡና በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ። መላው ብልህ ነበር፦ ማሽኑ የላቲን ፊደል የጻፈ እየመሰለው፣ ስክሪኑ ላይ ግን የግዕዝ ቅርጽ እንዲስል ማድረግ። ዩኒኮድ ለግዕዝ 345 ምልክቶች የራሳቸውን ቁጥር የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በቪስታ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ነበር። በመካከሉ የተጻፈው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የተማሪ ውጤት ብዙው በድሮው መላ የተጻፈ ነው።

የአሮጌ ኮምፒውተር ሌላው ችግር ሙቀት ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ ጣሊያን በፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መኪና ከ2,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሽንኩርትና ማሾ የሚበቅልበት የሸዋ ሮቢት ምድር ለአሮጌ ኮምፒውተር አይራራም። በ2004 እ.ኤ.አ. ከወጡት ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ እስከ 115 ዋት ሙቀት ይተፋሉ፤ እንደ ትልቅ የድሮ አምፖል ማለት ነው። ደጋ ላይ ችሎ የሚሠራው ማሽን ቆላ ሲወርድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልበረደለትም ራሱን ያጠፋል። ባለቤቱ «ቫይረስ ነው» ይላል። ሲከፈት ግን በፋኑና በብረቱ መካከል አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሮ ይገኛል፤ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማውጣት፣ ደረቁን ቅባት ጠርጎ አዲስ መቀባት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር የሚነፋው አየር ውሃ ሊቀላቀልበት ስለሚችል አይመከርም።

ቀሪው ሥራ ጆሮና ዓይን ይፈልጋል። ማሽኑ ሲነሳ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ ካሰማ በብዙዎቹ ላይ ችግሩ የስክሪን ካርዱ ነው። ዝም ብሎ ስክሪኑ ከጠቆረ ሚሞሪው ተነቅሎ የወርቃማ ጥርሶቹ ጫፍ በላጲስ ይታሻል፤ ቀላል ቢመስልም ብዙ ማሽን ያስነሳ ብልሃት ነው። ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከተሠሩት ማዘርቦርዶች በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ካፓሲተሮቹ አናታቸው አብጦ ይታያል። ጥሩ ጠጋኝ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይራል፤ ሁለቱን አብሮ የቀየረ የቱ እንደታመመ አያውቅም። ፓወር ሰፕላዩን ግን ጀማሪ ባይከፍተው ይሻላል፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኃይል ሊቀር ይችላል።

 

በጥገናው ዓለም የሚያሳዝነው አንድ ልማድ አለ፤ «ፎርማት ይደረግ» ማለት። ጠጋኙ ምክንያቱን ሳይፈልግ ሃርድ ዲስኩን አጥቦ ዊንዶውስ አዲስ ይጭናል፤ ማሽኑ ይነሳል፣ ፋይሉ ግን አብሮ ይሄዳል። ፋይሉ ቢተርፍ እንኳ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ከሌለ የሚከፈተው ጽሑፍ የላቲን ፊደልና ምልክት የተበተነበት ይሆናል። የተበላሸ መስሏቸው የሰረዙት ሰዎች አሉ። አልተበላሸም።

ትክክለኛው መንገድ ዘገምተኛ ነው። ሃርድ ዲስኩ ከአሮጌው ሳጥን ይወጣል፣ በማገናኛ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ይያያዛል፣ ከምንም ነገር በፊት ያለው ሁሉ ይገለበጣል። የድሮው የፎንት ማህደርም አብሮ ይወሰዳል። ከዚያ ፎንቱ ይጫንና አንዱ ፋይል ይከፈታል። ያ ትርጉም የለሽ የላቲን ድርድር ቅርጹን ይቀይራል፤ ከላይ በስተቀኝ ቁጥርና ቀን፣ ዝቅ ብሎ ከሥሩ የተሰመረበት ቃል ይታያል፦ «ጉዳዩ፦»