በቤንዚን ላይ የተጣለው ግብርና የአሜሪካ መንገዶች

የማናቸውም አገር የመንገድ ታሪክ ሲመረመር ከድንጋዩና ከአስፋልቱ በፊት የሚገኘው ጥያቄ ገንዘቡ ከማን ኪስ ይውጣ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ይልቁንም በምዕራብ ጠረፍ የምትገኘው ኦሬገን፣ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደ መለሱት ለአንባቢዎች በአጭሩ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አውቶሞቢል ከመምጣቱ በፊት የአሜሪካ የገጠር መንገድ የሚጠገነው በአካባቢው ገበሬ ጕልበት ነበር። በብዙ ግዛቶች ሕጉ ወንዱ ሁሉ በዓመት ጥቂት ቀን አካፋና ዶማ ይዞ እንዲወጣ፣ አለዚያም በምትኩ ገንዘብ እንዲከፍል ያስገድደው ነበር። የቀረው ወጪ በመሬትና በቤት ላይ ከሚጣለው ግብር ይወጣል። ይህ ሥርዓት ለፈረስና ለጋሪ ይበቃ ነበር። ነገር ግን በ1900 በአገሩ ሁሉ 8 ሺህ ያህል ብቻ የነበሩት መኪናዎች በ1920 ከ9 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ገበሬውም ከከተማ መጥቶ አቧራ አልብሶት ለሚያልፈው ሀብታም መንገድ መሥራት አለብኝን ብሎ ቢያጕረመርም የሚፈረድበት አይደለም።

የመጀመሪያው መፍትሔ የመመዝገቢያ ክፍያ ሆነ። የኒው ዮርክ ግዛት በ1901 ባለ መኪና ሁሉ እንዲመዘገብና 1 ዶላር እንዲከፍል አዘዘ። ሰሌዳውን ግን መንግሥት አይሰጥም ነበርና ባለቤቱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ራሱ አዘጋጅቶ በመኪናው ላይ ያንጠለጥል ነበር። ሌሎቹም ግዛቶች ይህንኑ ተከተሉ። ዳሩ ግን እሑድ ብቻ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሚመለሰውና ቀንና ሌሊት የሚነዳው በእኩል የሚከፍሉ ከሆነ፣ ፍርዱ ትክክል ነው ለማለት ያስቸግራል።

የኦሬገን ምዕራባዊ ክፍል ዝናም የሚበዛበት፣ መንገዱም በክረምት ጭቃ የሚውጠው አገር ነው። ይህች ግዛት የኮሎምቢያን ወንዝ ተከትሎ በገደል አፋፍ የሚሄደውን የታወቀ ጐዳና በ1913 መሥራት ጀምራ እስከ 1922 ደከመችበት። ለዚህና ለሌሎቹ መንገዶች ገንዘብ ስትሻ በየካቲት ወር 1919 በእያንዳንዱ ጋሎን ቤንዚን ላይ 1 ሳንቲም የሚያስከፍል ሕግ አወጣች፤ ጋሎን ማለት ከ4 ሌትር ጥቂት የሚያንስ ነው። እንዲህ ያለ ግብር በመጣል ከአሜሪካ ግዛቶች ኦሬገን የመጀመሪያዋ ናት። በዚያው ዓመት ኮሎራዶ፣ ኒው ሜክሲኮና ሰሜን ዳኮታ ተከተሏት፤ በ1929 ኒው ዮርክ ስትጨመር ያልገባበት ግዛት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ በፍጥነት የተስፋፋበት ምክንያት ምንድር ነው? በየመንገዱ ኬላ አቁሞ ቀራጭ ማስቀመጥ ብዙ ደመወዝ ይፈጃል፤ መንገደኛውንም ያስመርራል። የቤንዚን ግብር ግን የሚሰበሰበው ከጥቂት አከፋፋይ ነጋዴዎች ነው። ነጂው ግብሩን የሚከፍለው ከቤንዚኑ ዋጋ ጋር ተቀላቅሎ ስለ ሆነ እምብዛም አይታወቀውም። ብዙ የሄደ ብዙ ቤንዚን ይገዛል፤ ብዙም ይከፍላል። ይህም እንደ ውሃ መቍጠሪያ ያለ ነገር ሆነ።

ገንዘብ በተከማቸበት ግን የሚመኘው አይጠፋም። በ1930ዎቹ፣ ሥራ በጠፋበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ አንዳንድ ግዛቶች የመንገዱን ገንዘብ ለሌላ ጕዳይ አዋሉት። በ1932 በቤንዚን ላይ የራሱን 1 ሳንቲም የጣለው ማዕከላዊው መንግሥት በ1934 ባወጣው ሕግ እንዲህ የሚያደርገውን ግዛት ከመንገድ ርዳታው እስከ ሲሶ ድረስ እንደሚቀንስበት አስታወቀ። ኦሬገንም በ1942 ገንዘቡ ለመንገድ ብቻ እንዲውል በሕገ መንግሥቷ አጸናችው። የቴክሳስ ሰዎች ግን በ1946 ሌላ መላ አገኙ፤ ከገንዘቡ ሦስቱ አራተኛው ለመንገድ፣ አንዱ አራተኛው ለትምህርት ቤቶች እንዲሆን በሕገ መንግሥታቸው ጻፉ። እኔ ተማሪ ስለ ሆንሁ ለቴክሳስ ባደላ አንባቢ አይፍረድብኝ፤ ደግሞስ መንገዱን የሚሠራው መሐንዲስ ከትምህርት ቤት ካልሆነ ከወዴት ይመጣል?

ወደ መቍጠሪያው እንመለስ። መቍጠሪያው በመጀመሪያ የተሳሳተው በከባድ መኪና ላይ ነው። ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ለሙከራ በተሠራ መንገድ ላይ መኪናዎች ያለ ማቋረጥ ሲመላለሱ ቈይተው ውጤቱ ተመዘነ። በአንድ የጎማ ዘንግ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጕዳት ወደ 16 እጥፍ ያህል እንደሚያድግ ታየ። ባለ ከባድ መኪናው ግን 16 እጥፍ ነዳጅ አይገዛም። ኦሬገን ይህን አስቀድማ የጠረጠረች ይመስላል፤ በ1947 በወጣው ሕግ ከባድ መኪናዎች እንደ ክብደታቸውና እንደ ሄዱት ማይል እንዲከፍሉ አድርጋ ነበርና።

ሁለተኛው ስሕተት የመጣው ቀስ ብሎ ነው። ግብሩ በሳንቲም የተወሰነ ስለ ሆነ የሲሚንቶና የሠራተኛ ዋጋ ሲወደድ አብሮ አይወጣም። የማዕከላዊው መንግሥት ግብር በ1993 18.4 ሳንቲም ከሆነ ወዲህ ከዚያ ፈቅ አላለም። በዚህ ላይ አዳዲሶቹ መኪናዎች በጥቂት ቤንዚን ብዙ ይሄዳሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም ከነጭራሹ አይቀዱም። ስለዚህ የቤንዚን ግብርን የጀመረችው ኦሬገን በሐምሌ 2015 በፈቃዳቸው ከተመዘገቡ ነጂዎች በአንድ ማይል 1.5 ሳንቲም ማስከፈል ጀመረች፤ በቤንዚን የከፈሉትም ግብር ይታሰብላቸዋል። የሚነቅፏት አልጠፉም፤ መንግሥት የሄድሁበትን ሊቈጥር ነውን የሚል ስጋት አለና፣ ስጋቱም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

ነገሩ ከአገራችን የራቀ አይምሰላችሁ። በ1951 የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጐዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ ዓለም ባንክ በ1950 ያበደረው 5 ሚሊዮን ዶላር ተገኝቶ፣ ሥራውን በመምራት የረዱት የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ መሐንዲሶች ነበሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1997 በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድም የጥገናውን ገንዘብ በይበልጥ ያገኝ የነበረው ከነዳጅ ላይ ነው። በ2024 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በምትካቸው የገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዚያው አስፋልት ላይ ይሄዳሉ፤ ነዳጅ ማደያው ጋ ግን አይቆሙም።