ከውኃና ከፍርሃት መካከል የወጡ ልጆች
የታም ሉዋንግ ዋሻ ታሪክ

የታሪክ ትምህርት ሲነሣ በብዙ ተማሪዎች አእምሮ ቶሎ የሚመጣው የነገሥታት ዘመንና የጦር ሜዳ ውሎ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ማኅበረሰብ በጭንቅ ጊዜ ልጆቹን እንዴት እንዳተረፈ መመርመርም ታሪክ ነው። በ2010 ዓ.ም. በሰሜን ታይላንድ የሆነው ነገር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። አሥራ ሁለት ልጆችና አንድ ወጣት አሠልጣኝ ጎርፍ በሞላው ዋሻ ውስጥ ተዘግተው ሰነበቱ፤ በመጨረሻም አሥራ ሦስቱም በሕይወት ወጡ።

ነገሩን ብዙ ሰው ተአምር ብሎ አልፎታል። ቀረብ ብሎ ለሚመለከተው ግን አዳኞቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የታገሉት ከሁለት ባላንጣዎች ጋር ነበር፤ አንደኛው ውኃ፣ ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ውኃውን በመሣሪያ መቀነስ ይቻል ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ሌላ ዘዴ ይሻ ነበር። ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ በተለይ እርሱን እንከተላለን።

ዋሻውና ዝናቡ

የታም ሉዋንግ ዋሻ የሚገኘው በቺያንግ ራይ ክፍለ ሀገር በማይ ሳይ ወረዳ፣ ታይላንድ ከምያንማር ጋር በምትዋሰንበት አካባቢ ነው። ተራራው ከሩቅ ሲታይ የተኛች ሴት ስለሚመስል የአገሩ ሰዎች ስሙን በዚሁ አውጥተውለታል። የዋሻው ርዝመት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ተራራው የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውኃ በአየርና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀላቀልበት ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህም አሲድ የኖራ ድንጋይን በብዙ ሺህ ዘመናት ቀስ በቀስ እያሟሟ ስንጥቁን ቦይ፣ ቦዩን አዳራሽ ያደርገዋል። በባሌ፣ የዌብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ያየ ተማሪ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ታም ሉዋንግ በበጋ ሰው በእግሩ የሚገባበት ደረቅ መተላለፊያ ነው። በክረምት ግን በተራራው ላይ የዘነበው ሁሉ በየስንጥቁ እየተንቆረቆረ ዝቅተኛ ቦታዎቹን እስከ ጣሪያቸው ይሞላቸዋል። በዋሻው በር ላይ ከጁላይ እስከ ኖቬምበር መግባት አደገኛ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ነበር።

ልጆቹ የገቡት ግን ጁን ሳያልቅ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2018) ነበር። «የዱር አሳማዎች» የሚባለው የእግር ኳስ ቡድን አባላት የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 ዓመት የሚደርስ አሥራ ሁለት ልጆች ከ25 ዓመቱ ረዳት አሠልጣኛቸው ጋር ልምምዳቸውን ጨርሰው በብስክሌት ወደ ዋሻው ሄዱ። አሳባቸው ለጥቂት ጊዜ ጎብኝተው ሊመለሱ ነበር። በዚያው ሰዓት ከባድ ዝናብ ወረደ፤ ሲመለሱ የመጡበት መንገድ በውኃ ተዘግቶ አገኙት። ውኃው እየጨመረ ሲመጣም ወደ ውስጥ እየሸሹ ከዋሻው አፍ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በሚገኝ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ተጠጉ።

በጨለማ ውስጥ

ለዘጠኝ ቀናት ያህል ምግብ አልቀመሱም። የጠጡት ከዋሻው ግድግዳ የሚንጠባጠበውን ውኃ ነበር። ጎርፉ ያመጣው ውኃ የቆሸሸ ስለ ነበር ከእርሱ መራቃቸው ጠቅሟቸዋል። አሠልጣኙ በልጅነቱ ለብዙ ዓመታት በቡድሃ ገዳም የኖረ ሰው በመሆኑ ልጆቹን ጸጥ ብለው እንዲቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን እንዲከተሉና ልቦናቸውን እንዲሰበስቡ አስተማራቸው። ይህ ልምምድ ጉልበታቸውን ከመቆጠቡም በላይ ከድንጋጤ ጠበቃቸው። ሥራም ሰጣቸው፤ ይኸውም መውጫ እናገኝ ይሆናል በሚል ተስፋ በየተራ በድንጋይ ግድግዳውን እንዲቆፍሩ ነው። ቁፋሮው የትም አላደረሳቸውም። ነገር ግን እጁ ሥራ የያዘ ልጅ እንደ ቦዘነ ልጅ ለፍርሃት አይጋለጥምና በከንቱ ነበር ማለት አይቻልም።

በውጭ ደግሞ በዋሻው በር የቆሙት ብስክሌቶች የልጆቹን መግባት አስታወቁ። የታይላንድ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ደርሰው ወደ ውስጥ ለመግባት ሞከሩ። ይሁን እንጂ ውኃው ከጭቃው የተነሣ እጅን እንኳ የማያሳይ፣ ኃይለኛና ቀዝቃዛ ነበር። በባሕር መጥለቅና በዋሻ መጥለቅም አንድ ሙያ አይደሉም። በባሕር የተቸገረ ሰው ወደ ላይ መውጣት ይችላል፤ በዋሻ ውስጥ ግን ከላዩ ያለው ድንጋይ ነው። በአካባቢው የሚኖርና ዋሻውን ያጠና አንድ እንግሊዛዊ ይህን በመገንዘቡ በዋሻ መጥለቅ የታወቁ ሰዎች ከአገሩ እንዲጠሩ አሳሰበ። ጡረታ የወጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሪክ ስታንተንና የኮምፒውተር ባለሙያው ጆን ቮላንተን የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ዋሻ መጥለቅን የያዙት ለትርፍ ጊዜያቸው እንጂ ለደመወዝ አልነበረም።

ውኃውን ለመቀነስ የተደረገው ጥረት ለብቻው ሰፊ ታሪክ ነው። ፓምፖች ያለ ዕረፍት ሠርተው ከአንድ ቢሊዮን ሊትር በላይ ውኃ አወጡ። በተራራው ላይ የሚወርዱ ጅረቶችም ወደ ዋሻው እንዳይገቡ አቅጣጫቸው ተለወጠ። የወጣው ውኃ በአካባቢው ገበሬዎች የሩዝ ማሳ ላይ ተኝቶ ሰብላቸውን አጠፋው። ከእነዚህም ገበሬዎች ብዙዎቹ የልጆቹ ሕይወት ይበልጣል ብለው ካሳ ሳይቀበሉ ቀሩ። በጠቅላላው በማዳኑ ሥራ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ተሳትፏል ይባላል፤ ከእነዚህም መካከል ምግብ የሚያበስሉና የአዳኞቹን ልብስ የሚያጥቡ የአገሩ ሰዎች ነበሩ።

ሰኞ ሰኔ 25 ቀን ማታ ስታንተንና ቮላንተን የመሪ ገመድ እየዘረጉ ሲያልፉ ብቅ ባሉበት ቦታ ልጆቹን አገኟቸው። ቮላንተን ስንት እንደ ሆኑ ጠየቀ። እንግሊዝኛ የሚችለው ልጅ አሥራ ሦስት ነን አለው። ልጆቹም በበኩላቸው ቀኑ ምን እንደ ሆነ ጠየቁ።

ከባዱ ምርጫ

መገኘታቸው ደስታ ቢሆንም ችግሩን አልፈታውም። በቀጣዩ ቀን አንድ የጦር ሠራዊት ሐኪምና ሦስት የባሕር ኃይል ባልደረቦች ምግብና መድኃኒት ይዘው ገቡ፤ እስከ መጨረሻውም ከልጆቹ ጋር ቆዩ። በውጭ ያሉት ኃላፊዎች ግን ሦስት መንገዶችን ማመዛዘን ነበረባቸው። አንደኛው ተራራውን ከላይ መብሳት ነው፤ ልጆቹ ያሉበትን ነጥብ በትክክል ማግኘት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ሁለተኛው ዝናቡ እስኪያልፍ ለወራት መጠበቅ ነው። ሦስተኛው ልጆቹን በውኃ ውስጥ ማውጣት ነው።

የሦስተኛው መንገድ አደጋ ብዙ ሳይቆይ ታየ። ሰኔ 29 ቀን ንጋት ላይ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበረውና በፈቃዱ ለእርዳታ የመጣው ሳማን ኩናን የአየር ሲሊንደሮች አድርሶ ሲመለስ በውኃው ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። የሠለጠነ ጠላቂ የሞተበትን መንገድ መጥለቅን ለማያውቁ ልጆች ማሰብ አስፈሪ ነበር። በአንጻሩ መጠበቅም አልተቻለም። በአየር ውስጥ የተለመደው የኦክሲጅን መጠን 21 ከመቶ ሲሆን ልጆቹ ባሉበት ስፍራ ወደ 15 ከመቶ ወርዶ ነበር። ሌላ ከባድ ዝናብም እየመጣ ነበር። ስለዚህ የሥራው መሪ የሆኑት የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ ናሮንግሳክ ኦሶታናኮርንና የበላይ ባለሥልጣናት ልጆቹ በመጥለቅ እንዲወጡ ወሰኑ።

ፍርሃትን ማስተኛት

ጥያቄው የመጣው እዚህ ላይ ነው። መጥለቅን የማያውቅ ልጅ በጨለማ፣ በጠባብ ቀዳዳ፣ ፊቱ በጭንብል ተሸፍኖ ለሰዓታት ሲጓዝ ይደነግጣል። የደነገጠ ልጅ ጭንብሉን ይነቅላል፣ የያዘውንም ሰው ይታገላል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ይሞታሉ። ምክርና ማበረታቻ እዚህ ላይ በቂ አልነበረም። የተገኘው መፍትሔ ልጆቹን በሰመመን ማስተኛት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው፣ ማለትም የሰመመን ሐኪምም የዋሻ ጠላቂም የሆነ፣ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ነው። አውስትራሊያዊው ዶክተር ሪቻርድ ሐሪስ ሁለቱንም ሙያ ይዞ ተገኘ። አብሮት የመጣው ክሬግ ቻለን ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ሐሪስ በኋላ እንደ ተናገረው እርሱ ራሱ ዕቅዱ ይሳካል ብሎ አላመነም፤ ዳሩ ግን የተሻለ አማራጭ አልነበረም። ለልጆቹ በመጀመሪያ የሚያረጋጋ ክኒን፣ ቀጥሎ ኬታሚን የተባለውን የሰመመን መድኃኒት በመርፌ ሰጣቸው። ኬታሚን የተመረጠው ትንፋሽን ብዙ ስለማያዳክም ነው። የመድኃኒቱ ኃይል ከመንገዱ ርዝመት በፊት ስለሚያልቅ ሐሪስ ሐኪም ያልሆኑትን ጠላቂዎች በመንገድ ላይ መርፌ እንዲወጉ አሠለጠናቸው። ከዚያ በፊትም በአካባቢው ባለ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር ልምምድ ተደርጓል።

ማን በፊት ይውጣ የሚለው በዋሻው ውስጥ ባሉት ተወሰነ። አሠልጣኙ በኋላ እንዳስረዳው፣ ልጆቹ ሲወጡ በብስክሌታቸው ወደየቤታቸው የሚሄዱ ስለ መሰላቸው ቤቱ የራቀው ይቅደም ተባብለዋል። ሐምሌ 1 ቀን አራት፣ ሐምሌ 2 ቀን አራት፣ ሐምሌ 3 ቀን ደግሞ የቀሩት አራት ልጆችና አሠልጣኙ ወጡ። እያንዳንዱን ልጅ አንድ ጠላቂ ይዞ የመሪውን ገመድ እየተከተለ ያሳልፈዋል። ቢነቃ ጭንብሉን እንዳይነቅል እጆቹ ወደ ኋላ ታስረው ነበር። ውኃው ካለቀበት ቦታ በኋላ በቃሬዛ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ በሩ ይደርሳል። በመጨረሻው ቀን ሐኪሙና የባሕር ኃይል ባልደረቦቹ ወጥተው ሥራው ሲጠናቀቅ ዋናው ፓምፕ ተበላሽቶ ውኃው እንደገና መሙላት ጀመረ፤ በውስጥ የቀሩት ሠራተኞችም እየሮጡ ወጡ።

ከዋሻው አፍ በኋላ

የዜናው ጩኸት እዚህ ላይ ቢበርድም የልጆቹ ማገገም ገና መጀመሩ ነበር። በቺያንግ ራይ ሆስፒታል ለብቻቸው እንዲቆዩ ተደረገ፤ ወላጆቻቸውም መጀመሪያ ያዩአቸው በመስተዋት በኩል ነው። ይህ የሆነው ከዋሻ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ይኖር እንደ ሆነ እስኪታወቅ ነው። በጨለማ የሰነበተ ዓይናቸው ብርሃን እንዳይጎዳው ጥቁር መነጽር ተሰጣቸው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሆድ በአንድ ጊዜ ሊጠግብ ስለማይገባው መጀመሪያ የቀረበላቸው ቀለል ያለ ምግብ ነበር። በአማካይ 2 ኪሎ ያህል ክብደት ቀንሰው የነበረ ሲሆን ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት መልሰውታል።

ለልቦናቸውም እንደ አካላቸው ተጠነቀቁላቸው። የሳማን ኩናን ሞት የተነገራቸው ወዲያው አይደለም፤ ጠንከር እስኪሉ ከተጠበቀ በኋላ ሐኪሞች ባሉበት ነው። ልጆቹ አለቀሱ፤ በሥዕሉም ላይ የምስጋና ቃል ጻፉ። ሐምሌ 11 ቀን ከሆስፒታል ሲወጡ ጋዜጠኞች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች የልጆች የአእምሮ ሐኪሞች አስቀድመው መረመሯቸው፤ የሚያሳቅቅ ጥያቄ እንዲቀር ተደረገ። በዚያው ወር ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ለሞተው ሰው መታሰቢያ ለዘጠኝ ቀናት በገዳም ሰነበቱ፤ አሠልጣኙም መነኮሰ። አንደኛው ልጅ ክርስቲያን ስለ ሆነ ያንን አልተካፈለም። ነሐሴ 2 ቀን ደግሞ ዜግነት ያልነበራቸው ሦስት ልጆችና አሠልጣኙ የታይላንድ ዜግነት ተሰጣቸው።

ሁሉም ነገር በደስታ ተፈጸመ ማለት አይደለም። በማዳኑ ሥራ ላይ በደም ኢንፌክሽን የተያዘ ሌላ የባሕር ኃይል ባልደረባ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞተ። ከልጆቹም አንዱ በ2015 ዓ.ም. በሌላ ምክንያት በወጣትነቱ አርፏል። ስለሆነም ይህን ታሪክ ስናስተምር የከፈሉትን ሰዎች ሳንረሳ መሆን ይገባዋል።

ለመምህሩ የሚቀረው

ልጆችን ይዞ ከግቢ የወጣ መምህር ሁሉ የዚያ አሠልጣኝ ጭንቀት ይገባዋል። ልጆቹን ወደ ዋሻው ያስገባቸው እርሱ ነበር፤ በዋሻውም ውስጥ ያቆያቸው እርሱ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ከዋሻው ውስጥ በላከው ደብዳቤ ወላጆቹን ይቅርታ ጠየቀ። ወላጆቹም ራሱን እንዳይወቅስ ጻፉለት። ያ መልስ የደረሰው ልጆቻቸው ይውጡ ወይም ይቅሩ ገና ባልታወቀበት ሰዓት መሆኑን ልብ ይሏል። ወላጆቹ በዚያ ሰዓት ቢረግሙት ኖሮ የሚናወጠው ልጆቻቸው የሚተማመኑበት ሰው ነበር።

መምህራን ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲያነቡ ተማሪዎቹን ሁለት ነገር ቢጠይቋቸው መልካም ነው። መጠበቅም ሆነ ማውጣት ሞት ሊያስከትል በሚችልበት ሰዓት ውሳኔው በእናንተ እጅ ቢሆን የትኛውን ትመርጣላችሁ? ከመወሰናችሁስ በፊት ምን ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? ተማሪው ለሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ረጅም መልስ ከሰጠ ትምህርቱን ተረድቶታል።