«ወግ አጥባቂ» እና «ሊበራል»፦ ሁለቱ ቃላት ከየት መጡ?



ዛሬ በብዙ ቤተሰብ መካከል ሁለት ቃላት ገብተው ሰው ያጣላሉ። ወጣቱ አባቱን ወግ አጥባቂ ይላቸዋል፤ አባትም ልጃቸውን «ሊበራል ሆነሃል» እያሉ ይገሥጹታል። ጋዜጣውና ራዲዮኑም ስለ ሙስሊሞች ባወሩ ቁጥር ሰዉን በእነዚሁ ቃላት ይከፋፍሉታል። ለመሆኑ እነዚህ ቃላት የት ተወለዱ? የማንንስ ጠብ ለመዳኘት ተፈጠሩ? የቃሉን ምንጭ ሳያውቁ በቃሉ መፈራረጅ ወንድምን በማያውቁት ሚዛን መመዘን ነውና እስቲ ታሪኩን አብረን እንመልከት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከእንግሊዝ አገር እንጀምር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአገሪቱ ነገሥታት፣ ሥልጣናችን ከአምላክ የተሰጠን ስለሆነ ማንም ሊጠይቀን አይችልም ይሉ ነበር። ሰር ሮበርት ፊልመር የተባለ ጸሐፊ፣ ከሞተ በኋላ በ1680 በታተመ መጽሐፉ፣ የንጉሥ ሥልጣን ከአባታችን አደም በውርስ የወረደ የአባትነት ሥልጣን ነው ሲል ተከራከረ። ይህን ክርክር ነጥብ በነጥብ ያፈረሰው ጆን ሎክ (1632–1704) ነው። ሎክ በ1689 ለኅትመት ባበቃው ሥራው ሰዎች በተፈጥሯቸው ነጻና እኩል ናቸው፤ መንግሥትም በሕዝቡ ፈቃድ የቆመ አደራ እንጂ ርስት አይደለም፤ አደራውን የበላ ገዥ ከሥልጣኑ ሊወርድ ይገባል አለ። በዚያው ዓመት ስለ ሃይማኖት መቻቻል ባሳተመው ደብዳቤ ደግሞ ሙስሊምም ሆነ አይሁድ በሃይማኖቱ ምክንያት ብቻ ከዜግነት መብቱ ሊገለል እንደማይገባ ጻፈ። ኋላ «ሊበራል» የተባለው አስተሳሰብ አንዱ ዋና ሥር ይህ ነው።

ሁለተኛው አስተሳሰብ መልክ የያዘው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ነው። በ1789 በፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት ውስጥ የንጉሡን ሥልጣን የሚደግፉት ከሊቀ መንበሩ በስተቀኝ፣ የሚቃወሙት በስተግራ ተቀመጡ። «ቀኝ» እና «ግራ» የሚባሉት የፖለቲካ ስሞች ከዚያ የወንበር አቀማመጥ የቀሩ ናቸው።

በ1790 የደብሊን ተወላጅና የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረው ኤድመንድ በርክ (1729–1797) አብዮቱን የሚነቅፍ መጽሐፍ አወጣ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የአንድ ሰው አእምሮ ውስን ነው፤ የብዙ ትውልድ ልምድ ግን በወግና በሕግ ተከማችቶ ይገኛል። ኅብረተሰብ በሕይወት ያሉትን፣ የሞቱትንና ገና ያልተወለዱትን የሚያስተሳስር ቃል ኪዳን ስለሆነ የዛሬው ትውልድ ብቻውን ሊያፈርሰው አይገባም። ይሁንና በርክ ለውጥን ፈጽሞ የሚጠላ ሰው አልነበረም። ራሱን ማሻሻል የማይችል መንግሥት ራሱን ማቆየትም አይችልም ይል ነበር፤ የአሜሪካ ቅኝ ተገዥዎች በእንግሊዝ ላይ ያቀረቡትን አቤቱታም ደግፏል።

ለበርክ ፈጥኖ መልስ ከሰጡት መካከል ቶማስ ፔይን (1737–1809) ይገኝበታል። «የሰው መብት» በተባለውና በ1791 እና በ1792 በሁለት ክፍል ባወጣው መጽሐፉ፣ ሙታን ሕያዋንን ሊገዙ አይችሉም፤ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ጉዳይ የመወሰን መብት አለው አለ። ድሆችና አረጋውያን ከመንግሥት ገቢ እንዲጦሩም ሐሳብ አቀረበ።

ታዲያ ትክክለኛው ማን ነበር? ታሪክ ለእያንዳንዳቸው ከፊሉን ፈረደላቸው። በርክ አብዮቱ በመጨረሻ በአንድ የጦር አዛዥ እጅ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። በ1793 እና በ1794 ብዙ ሺህ ሰዎች ተገደሉ፤ ንጉሡ እንዳይገደል የተከራከረው ፔይን ራሱ በፓሪስ ታሰረ፤ በ1799 ናፖሊዮን ሥልጣኑን ያዘ። በሌላ በኩል ፔይን የጠየቀው የአረጋውያን ጡረታ ዛሬ በብዙ አገሮች ሕግ ሆኗል።

ውድ አንባቢያን፣ አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነገረውን አስተውሉ። ሰዎቹ የተናገሩት ቃል የተፈተነው ከአገራቸው ውጭ ነው። የነጻነት መምህር የተባለው ሎክ የባሪያ ንግድ ያካሂድ በነበረው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአፍሪካ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። በ1859 ስለ ነጻነት ስመ ጥር መጽሐፍ ያወጣው ጆን ስቱዋርት ሚል፣ ሕንድን ይገዛ በነበረው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ 35 ዓመት አገልግሏል፤ በዚያው መጽሐፉም ያልሠለጠኑ ለሚላቸው ሕዝቦች ፍጹማዊ አገዛዝ ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል።

የ«ወግ አጥባቂዎች» አባት የሚባለው በርክ ግን የቤንጋልን ገዥ ዋረን ሄስቲንግስን በግፍና በምዝበራ ከሶ በ1788 ለፍርድ አቆመው። ሄስቲንግስ በምሥራቅ አገር ገዥ እንደ ፈቃዱ መግዛቱ የተለመደ ነው ብሎ ሲከላከል፣ በርክ ይህ ሐሰት ነው፤ በሙስሊሞች ዘንድ ሸሪዓው ከዘውድ ጫኙ እስከ ተራው ሰው ሁሉንም ያስራል፤ ፍትሕም በአገር ርቀት አይለወጥም ሲል መለሰ። ክሱ ሰባት ዓመት ፈጅቶ በ1795 ሄስቲንግስ በነጻ ተለቀቀ። ይህን ስንል ግን ሁሉም ወግ አጥባቂ እንደ በርክ ነበር ማለታችን አይደለም። ከእርሱ በኋላ በወግ ስም ጭቆናን የተከላከሉ ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? የአንድ ሰው የወገንተኝነት ስም ፍትሐዊነቱን አይነግረንም።

ኢስላም ለሁለቱም የሚለው አለው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ (2፡170) አባቶቻችንን ያገኘንበትን ብቻ እንከተላለን የሚሉትን ይነቅፋል። ስለዚህ አንድ ነገር ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ እውነት አይሆንም። በሱረቱ ኒሳእ (4፡135) ደግሞ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንቆም ያዘናል። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ተመልከቱ። ሴት ልጅን ከነሕይወቷ የመቅበርን የጃሂሊያ ልማድ ኢስላም አጠፋ። ለተበደለ ሰው ለመቆም ቁረይሾች ከኢስላም በፊት የተማማሉበትን «ሒልፉል ፉዱል» የተባለውን ስምምነት ግን ነቢዩ አመሰገኑት፤ በኢስላም ዘመንም ወደ እንዲህ ያለ ስምምነት ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ገለጹ። አንዱ የአባቶች ልማድ ወደቀ፤ ሌላው ተመሰገነ። መለኪያው ሐቅና ፍትሕ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አንድን ልማድ ሲጠይቅ ጥያቄውን ከክህደት አትቁጠሩበት፤ ነገሩ የዲን ትእዛዝ ነው ወይስ የአገር ልማድ የሚለውን ለይታችሁ መልሱለት። ሴት ልጅን ከትምህርት የሚያስቀር ልማድ ዕድሜው ቢረዝምም ከዲን አይቆጠርም። ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም አዲስ የተባለውን ሁሉ ነጻነት አትበሉት፤ በዚህ ነገር የሚጠቀመው ማን ነው፣ የሚበደለውስ ማን ነው ብላችሁ መርምሩ። ሽማግሌን ማክበርና ጎረቤትን መጠየቅ አሮጌ ናቸው ተብለው የሚጣሉ አይደሉም። ከአውሮፓ ጠብ የተወለዱት ሁለት ስሞች አባትና ልጅን በአንድ ማዕድ ዙሪያ ባላንጣ እንዲያደርጉ አንፍቀድላቸው።

አላህ ሐቁን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፤ የምንከተለውም ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።