ከዕጢ የተነሳው የፅንስ ሕዋስ ታሪክ

ቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ፣ ማሽላውን ወደ ጎተራ ለሚያስገባ ገበሬ አይጥ ባላንጣ ናት። ሳይንስ ግን ውለታዋን ይቆጥራል፤ አንድ ሕዋስ ምን ምን መሆን እንደሚችል የተረዳነው ከእሷ ፅንስ ነው። ነገሩ የተጀመረው ደግሞ በዕጢ ነበር (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሊሮይ ስቲቨንስ በአሜሪካው ጃክሰን ላቦራቶሪ የሲጋራን ጉዳት በአይጦች ላይ ሲያጠና፣ «129» ከተባለው ዝርያ የአንዱ ወንድ አይጥ የዘር ፍሬ አብጦ አገኘው። ከፍቶ ቢያየው በዕጢው ውስጥ ጡንቻ፣ አጥንትና ፀጉር ተደበላልቀዋል። ሲጋራውን ትቶ ዕጢውን ያዘ። በ1970 ጤነኛ ፅንስ ወደ አዋቂ አይጥ የዘር ፍሬ ቢያዛውር ካንሰር እንደሚወጣው አሳየ።

በ1975 ቢያትሪስ ሚንትዝና ካርል ኢልሜንሴ ነገሩን ገለበጡት። የዕጢውን ሕዋሳት በጨቅላ ፅንስ ውስጥ ሲከቱ፣ አካላቸው በከፊል ከእነዚያው ሕዋሳት የተገኘ ጤነኛ አይጦች ተወለዱ። የሕዋሱን ዕጣ የወሰነው ያረፈበት ቦታ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ሕዋሱን ለምን በቀጥታ ከፅንሱ አይወስዱም? በሐምሌ 1981 ካምብሪጅ የነበሩት ማርቲን ኢቫንስና ማቲው ካውፍማን ይህንን አሳኩ፤ ፅንሱ ማህፀን ላይ የሚጣበቅበትን ጊዜ አዘግይተው ሕዋሳቱን በሌሎች ደጋፊ ሕዋሳት ላይ አሳደጉ። በታኅሣሥ ደግሞ፣ ቀድሞ ለንደን ከኢቫንስ ጋር ትሠራ የነበረችው ጌል ማርቲን ሳን ፍራንሲስኮ ሆና በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰች። «የፅንስ ስቴም ሴል» የሚለውን ስም ያወጣችላቸውም እሷ ናት።

እነዚህ ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰዱት በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ካለ ፅንስ ነው። በላቦራቶሪ ሳይለወጡ ያለማቋረጥ ይራባሉ፤ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ነርቭ፣ ልብ፣ ደም፣ ማንኛውንም የአካል ክፍል ይሆናሉ። የእንግዴ ልጅ ግን በአብዛኛው መሥራት ስለማይችሉ ብቻቸውን ማህፀን ቢገቡ አይጥ አይሆኑም፤ ሌላ ፅንስ ሊያስጠጋቸው ይገባል። በ1984 እንዲህ ተጠግተው የዘር ሕዋስ እስከ መሆን ደረሱ፤ ለቀጣዩ ትውልድም ተላለፉ።

በሩን የከፈተው ይህ ነው። በላቦራቶሪ የተለወጠ አንድ ዘረመል ከስቴም ሴሉ ወደ አይጥ፣ ከአይጡም ወደ ልጆቹ መሻገር ቻለ። ኢቫንስ፣ ማሪዮ ካፔኪና ኦሊቨር ስሚዝስ በ2007 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በዚህ ሥራ ነው። ዛሬ አንድ ዘረመል በሽታን ለመከላከል ምን ያህል እንደሚረዳ የሚፈተሸው ያ ዘረመል በጠፋባቸው አይጦች ነው፤ ከሚጠኑት በሽታዎች አንዱም የራያ ቆላ ሰው ከክረምት መውጫ ጋር የሚጠብቀው ወባ ነው።