ዐፄ ካሌብ ያሠሯቸው ዐሥር መርከቦች

የአክሱም ስም ሲነሣ አስቀድሞ በሐሳባችን የሚታየው የድንጋዩ ሐውልት ነው። ነገር ግን የዚያ መንግሥት ብርታት በደጋው ድንጋይ ብቻ አልተመሠረተም፤ ሳንቃ ጠርበው፥ ገመድ ገምደው መርከብ የሚያበጁ ባለእጆችም ነበሩት። የዛሬው ንግግራችን ስለነዚህ ሰዎች ሥራ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ523 ዓ.ም. የሂምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ ግፍ ፈጸመ። ዐፄ ካሌብም በ525 ገደማ ባሕር ተሻግረው ሊወጉት ተነሡ። ከምፅዋ በስተደቡብ፥ በዙላ ሰላጤ አጠገብ በነበረችው በአዱሊስ፥ ገበዛ በተባለው ወደቧ መርከቦች ተከማቹ። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በዚያ ዘመን አዱሊስ ደርሶ ስለ ነበር፥ የንጉሡን መሰናዶ በመጽሐፉ ጠቅሶታል።

ስለ ናግራን ሰማዕታት በግሪክኛ የተጻፈው ገድል እንደሚተርከው፥ 60 መርከቦች ከየወደቡ ተሰበሰቡ። ከነዚህም 20ው ከቀሊስማ፥ ማለት ከዛሬው ስዊዝ አጠገብ፤ 15ቱ ከአይላ፥ ማለት ከዛሬው ዓቃባ የመጡ ነበሩ። ንጉሡ ግን ከሌላ በመጣ መርከብ ብቻ አልተማመኑም። በህንድ አሠራር 10 መርከቦች አሠርተው ቁጥሩን 70 አደረሱት።

በዚያው ምዕተ ዓመት የነበረው የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፥ በዚህ ባሕር የሚሄዱት መርከቦች ሳንቃቸው በገመድ የተጠፈረ እንጂ በምስማር የተመታ፥ ቅጥራንም የተቀባ አለመሆኑን ጽፏል። ብዙ ሰዎች ምክንያቱ በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስቡ ድንጋዮች መኖራቸው ነው ይሉ ነበር። ጸሐፊው ይህን ተረት ነቅፎ፥ ኢትዮጵያውያን ብረት ስለሌላቸው ነው ይላል። ይሁን እንጂ በአክሱም በተደረገው ቁፋሮ የብረት መሣሪያዎች ስለተገኙ፥ ይህም ቃሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም። በገመድ የተሰፋ መርከብ ከአሸዋ ወይም ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ገመዱም ሲያረጅ በቀላሉ ይለወጣል። ስለዚህ የገመዱ ስፌት የድኽነት ምልክት ሳይሆን ባሕሩን የማወቅ ጥበብ ነበረ ማለት ይቻላል።

አዱሊስ በ7ኛው ምዕተ ዓመት ጠፋች፤ ፍርስራሿ ዛሬ በኤርትራ ምድር ይገኛል። ሐውልቱን የጠረቡት ሰዎች ሥራቸው ቆሞ ሲመሰክርላቸው፥ የመርከብ ሠሪዎቹ እንጨትና ገመድ ግን በስብሶ ቀረ። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ከየወደቡ የመጣው መርከብ ዘመቻው ሲያልቅ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ለሀገር የሚቀረው በገዛ ባለእጆቿ የተሠራው ነው። መንግሥትም ከሐውልቱ ይልቅ ሊጠብቀው የሚገባው የባለእጁን ጥበብ ነው፤ እርሱ አንድ ጊዜ ከተቋረጠ በቁፋሮ አይገኝምና።