ፍሬንድስ (የጆዲ ዋትሊ ዘፈን)

«ፍሬንድስ» አሜሪካዊቷ የፖፕና የአር ኤንድ ቢ ድምፃዊት ጆዲ ዋትሊ ከኒውዮርኩ የሁለት ሰው የሂፕ ሆፕ ቡድን ኤሪክ ቢ እና ራኪም ጋር የሠራችው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በነጠላ ዜማነት የወጣ ዘፈን ነው። የሚገኘው «ላርጀር ዛን ላይፍ» በተሰኘው ሁለተኛ አልበሟ ውስጥ ሲሆን፣ ፕሮዲዩሰሩ ቀድሞ ለፕሪንስ ቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረው አንድሬ ሳይሞን ነው።

ዋትሊ በ«ሶል ትሬን» የቴሌቪዥን ዝግጅት በተወዛዋዥነት ጀምራ፣ በሻላማር ቡድን ዘፍና፣ በ1988 የግራሚን የምርጥ አዲስ አርቲስት ሽልማት አግኝታለች። ኤሪክ ቢ እና ራኪም በ«ፔይድ ኢን ፉል» (1987) እና በ«ፎሎው ዘ ሊደር» አልበሞቻቸው ታውቀዋል። ራኪም በስንኙ መድረሻ ብቻ ሳይወሰን መሐሉንም ቤት እያስመታ፣ ድምፁን ሳያነሳ በእርጋታ ራፕ በማድረጉ ከዘመኑ ጮክ ባዮች ይለያል።

የዘፈኑ ጉዳይ የጓደኛ ክህደት ነው። ዋትሊ አዝማቹን ስትይዝ፣ ራኪም የሚገባው ለማድመቂያ ሳይሆን የራሱን ሙሉ አንጓ ይዞ ነው፤ የሥራው ክብደትም እዚህ ላይ ነው። ዘፈኑ በቢልቦርድ ሆት 100 እስከ 9ኛ፣ በአር ኤንድ ቢ ሠንጠረዥ እስከ 3ኛ ደረጃ ወጥቷል።

ድምፃዊንና ራፐርን በማጣመር የመጀመሪያው ግን አይደለም፤ ሜሊ ሜል በቻካ ካን «አይ ፊል ፎር ዩ» ላይ የተሰማው በ1984 ነበር። ማራያ ኬሪ ከኦል ደርቲ ባስተርድ ጋር «ፋንታሲ»ን በሪሚክስ ባወጣችበት በ1995 አሠራሩ እየተለመደ መጥቷል።