የወለጋ ደለልና በውስጡ የሚገኘው ብረት

በክረምት ጊዜ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ጉቴ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው ከማሳው የሚወርደው ጎርፍ ቀይ መሆኑን ያያል። ይህ አፈር በየጅረቱ ወደ ዴዴሳ፣ ከዴዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል። ግብጾች በ1964 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል) ዓባይን አስዋን ላይ እስከ ገደቡበት ጊዜ ድረስ ከደጋችን የተጠረገው ደለል ሜዲቴራኒያን ዳርቻ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ወለጋ ባሕር ባይኖራትም የዚያ ዳርቻ ታሪክ በከፊል የእርስዋም ታሪክ ነው።

የደለል መርማሪዎች እንደ እኛ መዝገብ አንባቢዎች ናቸው፤ መዝገባቸው ግን ጭቃ ነው። ቧንቧ ወደ ታች ሰድደው የደለል ዓምድ ያወጣሉ፤ የታችኛው ንጣፍ የጥንቱ፣ የላይኛው የቅርቡ ዘመን ነው። ዘመኑንም እርሳስ 210 በተባለው፣ በየ22 ዓመቱ ገደማ እኩሌታው በሚጠፋው የእርሳስ ዓይነት ይቈጥራሉ። ከዚያ በየንጣፉ ያለውን እርሳስ፣ ክሮሚየምና ባዜቃ ይመዝናሉ። ጭቃ የያዘውን ቶሎ አይለቅም፤ በጃፓን አገር በሚናማታ፣ ከፋብሪካ የወጣው ባዜቃ ያስከተለው በሽታ በ1956 ቢታወቅም የባሕሩ ወለል ተጠርጎ ያለቀው በ1990 ነው።

ሆኖም በደለል ውስጥ የተገኘ ብረት ሁሉ ብክለት አይደለም። ለዚህ ከዩብዶ የተሻለ ምስክር አናገኝም። በምዕራብ ወለጋ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲን የተቈፈረበት ይህ ስፍራ ድንጋዩ በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል የበዛበት ነው። ከዚያው የሚገኝ አንድ የድንጋይ ዓይነት በብርብር ወንዝ ስም «ብርብራይት» ተብሎ በዓለም የታወቀ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እንግዲህ የመጀመሪያው ቈፋሪ ሳይመጣም ዝናቡ ይህን ብረት ወደ ብርብር፣ በብርብርም ወደ ባሮ ሲያወርደው ኖሯል። ይህን ያልተረዳ መርማሪ ተራራው በሠራው በሰው ላይ ይፈርዳል። ከዚህ የሚከፋው ግን ወንዝ ያበላሸ ሰው «የተፈጥሮ ነው» ብሎ ማምለጡ ነው። ክሮሚየምን ብቻውን መመዘን ስለማይበቃ በአፈሩ ውስጥ ካለው አሉሚኒየም ጋር ማነጻጸር፣ ከቁፋሮውም ዘመን በታች ያለውን ንጣፍ መፈለግ ግድ ነው። ወርቅ ለመለየት ባዜቃ በሚገባበት ወንዝ ነገሩ ይቀላል፤ በድንገት የጨመረ ባዜቃ አብዛኛውን ጊዜ የሰው እጅ ምልክት ነውና።

የዴዴሳ ደለል ዛሬ ሩቅ አይሄድም። በ2020 ውሃ መያዝ የጀመረው የሕዳሴ ግድብ ዴዴሳ ዓባይን ከሚቀላቀልበት በታች ስለ ተሠራ አብዛኛው ደለል ጉባ ላይ ይቀራል። የዚያ ሐይቅ መዝገብ ግን ከ2020 ወዲህ ያለውን እንጂ የቀድሞውን አይነግረንም። የቀድሞው ያለው በዴዴሳ ዳር፣ የድሮ ጎርፍ ትቶት በሄደው ደለል ውስጥ ነው። ወርቅ ፈላጊው አካፋውን ይዞ ሳይቀድመን የመጀመሪያውን ዓምድ ከዚያ ማውጣት ይገባል እንላለን።